ስድስተኛው እጥፍ

በማተሚያ ቤታችን አንድን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው የለም። አንዳንዱንማ ጸሐፊው ራሱ ማንበቡን እጠራጠራለሁ። እኛ የጥራዝ ክፍል ሴቶች ግን እናነባለን፤ የምናነበው የደረሰንን ቁራጭ ብቻ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ወረቀት በሁለቱም ገጽታው ታትሞ ይመጣና ይታጠፋል። ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ሲሆን «እጥፍ» እንለዋለን። መቶ ሃያ ስምንት ገጽ ያለው መጽሐፍ ስምንት እጥፍ ይወጣዋል፤ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የተደረደርነውም ስምንት ሴቶች ነን። አንደኛዋ አንደኛውን እጥፍ ታስቀምጣለች፣ ሁለተኛዋ ሁለተኛውን ትደርብበታለች፣ እንዲህ እየተቀባበልን ስምንተኛዋ ጋ ሲደርስ መጽሐፉ ሞላ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ያው ወረቀት እጅ ላይ ሲመላለስ ሳይወዱ በግድ ይነበባል። በሁለተኛው ቀን በቃላችን እንይዘዋለን።

ሻይ የምንጠጣው ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው፤ ወረቀት አጠገብ ብርጭቆ ክልክል ነው። እዚያ ቆመን በየተራችን የደረሰንን እናወራለን። አንደኛዋ ትጀምራለች፣ ስምንተኛዋ ትጨርሳለች፣ መጽሐፉን በአፍ እንጠርዘዋለን ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ አራተኛዋ ታማ ቀርታ አንድ የፍቅር ታሪክ መሃሉ ተበጠሰብን። ሰዎቹ በሦስተኛው እጥፍ ተኮራርፈው በአምስተኛው ልጅ ወልደው አገኘናቸው። እስከ ዛሬ በምን እንደታረቁ አናውቅም።

በብዛት የሚመጣልን ግን ልብ ወለድ አይደለም፤ የማነቃቂያ መጽሐፍ ነው። እንዴት መሪ ልሁን፣ እንዴት ሰው ላሳምን፣ እንዴት በማለዳ ልነሳ። በማለዳ ስለ መነሳት ብቻ አራት መጻሕፍት ጠርዘናል፤ አራቱንም ለመጠረዝ ከወፍ ቀድመን የተነሳነው እኛ ነን። መሪ የሆነች ግን እስካሁን ከመካከላችን አልወጣችም።

እኔ ስድስተኛዋ ነኝ። ስሜ ሌላ ነው፤ ጠረጴዛው ግን «ሬዲዮ» ብሎ አውጥቶልኛል። ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፤ ይኸው እያወራሁ ነው።

በጠረጴዛው ጫፍ፣ ከስምንተኛዋ ቀጥላ፣ አለቃችን እትዬ ወስፌ ትቆማለች። ቀጭን ናት፣ ምላሷም ይወጋል፤ ስሟን ያወጣንላት እኛ ነን፣ እሷም ወዳዋለች። ሥራዋ የሞላውን መጽሐፍ ማየት ነው። በእያንዳንዱ እጥፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት ታትሟል፤ የሁለተኛው እጥፍ ምልክት ከአንደኛው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የሦስተኛው ከሁለተኛው ዝቅ ይላል። ስምንቱ በተራቸው ሲደረደሩ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። አንድ እጥፍ ከጎደለ ደረጃው ይበጠሳል፣ አንዱ ከተደገመ ሁለት ምልክት እኩል ይቆማል። እትዬ ወስፌ አውራ ጣቷን በጀርባው ላይ አንዴ ሸርተት ታደርጋለች፣ በዓይኗ አንዴ ታያለች፣ በቃ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ የተሳሳተ መጽሐፍ በእጇ አልፎ አያውቅም።

ማንበብ ግን አትችልም።

ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማስታወቂያ ሲለጠፍ «ዓይኔ ደክሟል፣ እስቲ አንብቢው» ትላለች። የወር ክፍያ ላይ የምትፈርመው ፊርማ የተለማመደችው ሥዕል ነው። የነገረችኝ ልጇ ሌላ ከተማ ነርስ ሆና ሄዳ የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣ ቀን ነው። መጋዘን ውስጥ ይዛኝ ገባችና በሩን ዘጋችው።

«እናቴ ትሙት በይ» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«በይ አልኩሽ!»

«እናቴ ትሙት።»

«እንግዲህ ይቺን አንብቢልኝ። ከአንቺ አፍ ከወጣ በቁሜ ቀበርሽኝ ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መጋዘን እንገባለን። ስልክ ሳለ ደብዳቤ ለምን ትልካለች የሚል ይኖራል። ልጅቷ እናቷ ንባብ ነፍሷ እንደሆነ ስለምታምን ነው። ትንሽ ሳለች ማታ ማታ እናቷ ከቤት መጽሐፍ አንዱን ገልጣ፣ ቅጠሉን እያገላበጠች፣ ተረት ከልቧ እየፈጠረች ትነግራት ነበር። ልጅቷ እስካሁን የሚመስላት ተረቶቹ እዚያ ውስጥ የተጻፉ ናቸው። እትዬ ወስፌ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ልጇ ማወቋ።

ሳነብላት ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ትከተለኛለች። ፊደሉን አታውቀውም፣ መስመሩን ግን ትቆጥራለች። «አታልፊብኝ፣ አራት መስመር ቀርቶሻል» ትለኛለች። ደክሞኝ ልዘል ብሞክር አንድ ቀን አላመለጠችኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው አይጮህም፣ ድንገት አጠገብ ሆኖ ይገኛል። ቀኑን ሙሉ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ስለሚል ጋሽ አይዞሽ አልነው። የታመመ ልጅ ያላትን ስለ ልጇ ይጠይቃታል፣ የተጣላችውን ታረቃችሁ ወይ ይላታል። እውነቱን ልናገር፣ ወደድነው። እትዬ ወስፌማ እንደ ጻድቅ አየችው። የበፊቶቹ አለቆች በየቀኑ ቅጽ ሙዪ፣ ሪፖርት ጻፊ እያሉ ነፍሷን ያወጡት ነበር። ይህ ግን ከመጣ ጥቂት ወራት ካለፉ ወዲህ አንድ ወረቀት ፊቷ አስቀምጦ አያውቅም።

«ይሄ ሰው፣ ሰው ያውቃል» ትል ነበር።

የእሑድ ሥራ ሲመጣም መጀመሪያ እሺ ያለችው እሷ ናት። እኛ አንፈልግም ነበር። እሑድ ልብስ የምናጥብበት፣ ልጆቻችንን ፊት ለፊት የምናይበት ቀን ነው። እሷ ግን «ለዚህ ሰውዬ ፊት እነሳለሁ ብዬ አላስብም» አለች፤ እሷ እሺ ካለች እኛ ምን እንላለን? ስምንታችንም ተከተልናት።

ታዲያ ባለፈው ወር ጋሽ አይዞሽ መጽሐፍ ጻፍኩ ብሎ መጣ። ስሙ «ሰው ሁሉ ቁልፍ አለው»። ስለ መሪነት ነው፣ ሰውን ስለ መረዳት ነው፤ ቅዳሜ በትልቁ አዳራሽ ይመረቃል ተባለ። አጨበጨብንለት። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሄዶ እትዬ ወስፌን ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«እትዬ፣ እርስዎም አሉበት» አላት። «ስምዎን አልጠራሁም እንጂ አንዷ ታሪክ የእርስዎ ናት።»

የዚያን ቀን የሴትዮዋን ፊት ያየ! አፏን በእጇ ሸፈነች። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መጽሐፍ ጠርዛ አሁን ራሷ መጽሐፍ ውስጥ ገባች። ለልጇ ደወለች፣ ቅዳሜ እንድትመጣ አደረገች። ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ መጽሐፍ ለጠረጴዛው ይቀራል፤ «የጠረጴዛው ድርሻ» እንለዋለን፣ በልማድም እትዬ ወስፌ በእጇ ሰፍታ ትወስደዋለች። ቤቷ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ አለ። የዚህን ጊዜውን ግን ለልጇ ልትሰጥ ወሰነች። «እናትሽ የት ገጽ ላይ እንዳለች ፈልጊ እላታለሁ» አለችኝ፤ እንደ ልጅ እየሳቀች።

ሰኞ ወረቀቱ ወረደ። ስድስተኛው እጥፍ ፊቴ ተከመረ። ገጽ ዘጠና አንድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«በጥራዝ ክፍሌ ከሃያ ዓመት በላይ መጽሐፍ የጠረዘች አንዲት ሴት አለች» ይላል። «ሁሉም ያከብሯታል። ዕድገት ስሰጣት እምቢ አለችኝ። ሌላ አለቃ ቢሆን ትዕቢት ነው ብሎ ያልፋት ነበር። እኔ ግን ቁልፏን ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። ይህች ሴት አንዲት ፊደል አታነብም። ማወቄን አልነገርኳትም፤ ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው በር አይሰብርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ ወረቀት አላስቀመጥኩም። እሷም ወረቀት የማያስቀምጥ አለቃ ማግኘቷን እንደ ዕድል ቆጠረችው፤ ዕድሏን ላለማጣት ምንም ታደርጋለች። የእሑድ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቅሁት እሷን ነው። በዚህ ዕድሜዋ፣ ፊደል ሳታውቅ፣ የት ትሄዳለች? እሷ እሺ ስትል ስምንቱም ተከተሏት።»

ከዚያ ቀጥሎ ሦስት መስመር አለ። ስለ እኔ ነው።

ከመጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ወደ ቢሮው የጠራኝ ቀን ትዝ አለኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ተነስቶ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። በዚያ ቢሮ ከእኔ ጋር እኩል የተቀመጠ አለቃ እሱ የመጀመሪያው ነው፤ ሆዴ ባባ። «እትዬ ዕድገቱን እምቢ አሉኝ፣ ያስቀየምኳቸው ነገር አለ እንዴ? ለእሳቸው ስል እንቅልፍ አጣሁ» አለኝ። «ልረዳቸው ነው የምፈልገው፤ ከአንቺ በላይ የሚያውቃቸው የለም።» እኔም ጅሏ፣ ሰውዬው በከንቱ አይጨነቅ፣ እሷም በከንቱ አትጠላ ብዬ ተናገርኩ። «ከእኔና ከአንቺ አይወጣም» አለኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔው አፋፍም አልበቃው፣ ሁለት ሺህ ቅጂ ሆኖ ታተመ።

ሻይ ሰዓት ደረሰ። አንደኛዋ ጀመረች። ሁለተኛዋ መነጽር የምንላት ናት፤ «ተቆጥቶ የመጣብህን ሰው የመጨረሻ ቃሉን ደግመህ መልስለት፣ ራሱ ይበርዳል ይላል» አለች። አራተኛዋ «ከጠረጴዛህ ኋላ ወጥተህ አጠገቡ ተቀመጥ፣ ልቡን ይከፍትልሃል ይላል» ስትል ብርጭቆዬን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ለካ እሱም ትምህርት ነበር! ለካ ያ ወንበር የተሳበው ለእኔ ክብር አልነበረም!

ተራዬ ደረሰ። እትዬ ወስፌ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። እሷ የሌለችባቸውን አምስት እጥፎች በትዕግሥት ነው የሰማቻቸው።

«የእትዬ ታሪክ እኔ ጋ ነው» አልኩ። ምላሴ ራሱ ወሰደኝ። «ይህች ሴት ባትኖር ማተሚያ ቤቱ አንድ ቀን አያድርም ይላል። ዓይኗ ከማሽን ይበልጣል ይላል።»

ሴቶቹ እልል ማለት ቀራቸው። ሳቂታ የምንላት አምስተኛዋ እቅፍ አደረገቻት። እትዬ ወስፌ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እንባዋን እንዳናይ ነው።

ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ላይ ወጣሁ። ቢሮው ክፍት ነው። ገና ሲያየኝ ተነሳና ወንበሩን ሳበ።

«እዚያው ይቀመጡ» አልኩት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ምን ሆነሻል?»

«ገጽ ዘጠና አንድን ያውጡልኝ። እትዬ ወስፌን ሰው ፊት አራቆቷት!»

«ሰው ፊት አራቆትኳት» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን እየነቀነቀ።

«ቃሌን አይድገሙብኝ! እሱ ሁለተኛው እጥፍ ላይ ነው፣ ሰምቼዋለሁ።»

አንገቱን መነቅነቁን ተወ። ከዚያ ወንበሩን መልሶ ከጠረጴዛው ኋላ ሄደና ተቀመጠ። ሲያወራም ድምፁ ሌላ ነበር። ስም አልጠራሁም፣ አለኝ። ታሪኳ ለሌሎች መሪዎች ይጠቅማል፣ አለኝ። «ደግሞ እሷ እንደሆነ አታነበውም።»

«ልጇ ታነበዋለች።»

«እሱን እንግዲህ» አለና እስክርቢቶውን አነሳ፤ «ምስጢሩን ያወጣሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ደረጃውን ስወርድ ከሃዲ ብዬ ሰደብኩት፣ በልቤ ነው እንጂ። ስድቡ ግን መልሶ እኔው ላይ ያርፋል። እሱ የእኔን እምነት ከዳ፤ እኔ ደግሞ የእሷን። እሱስ ሦስት ዓመት የማውቀው አለቃ ነው።

ሁለት ሺሁን መለወጥ አልችልም። አንዷን ግን እችላለሁ፤ ልጅቷ እጅ የምትገባዋን። ልጅቷ ሌላ ከተማ ናት፣ የእናቷ ስጦታ በእጇ እያለ ሌላ ቅጂ ለምን ትፈልጋለች? ይህን ሁሉ ለእትዬ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። አሁን ሳስበው፣ ካስጨነቀኝ ውስጥ ትልቁ እነዚያ ሦስት መስመሮች ነበሩ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሥራው አለቀ፤ መጨረሻ ላይ የጠረጴዛውን ድርሻ መደርደር ጀመርን። እኔ ጋ ሲደርስ ሳቂታ ዘወር ስትል ከእሷ ክምር አንድ አምስተኛ እጥፍ አነሳሁና በስድስተኛው ቦታ ደረብኩት። ሰባተኛዋ ደረበች፣ ስምንተኛዋ ደረበች፣ እትዬ ወስፌ ጋ ደረሰ። ልጅቷ ብታየው እንኳ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ትላለች ብዬ ነበር። የሰውን ሁሉ ዓይን አስቤ የረሳሁት የአንዲቷን አውራ ጣት ነው።

ጣቷ በጀርባው ላይ ሸርተት አለና መሃል ላይ ቆመ። ደግማ አስኬደችው። ሁለቱ ምልክቶች ጎን ለጎን እኩል ቆመዋል፣ ከእነሱ ሥር አንድ ደረጃ የለም።

«ስድስተኛው የለም» አለች።

«ሬዲዮ ጣቢያ ሳተች!» አለች ሳቂታ፣ ሁሉም ሳቁ። እትዬ ወስፌ አልሳቀችም። ያልተሰፋውን መጽሐፍ አጠገቧ አስቀመጠችና ሥራዋን ቀጠለች።

ለምሳ ሲወጡ እኔም ልወጣ ስል በስሜ ጠራችኝ። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

«ስድስተኛው የታለ?»

«ተሳስቼ ነው እትዬ።»

«ሁለት ሺህ መጽሐፍ በእጄ አለፈ። የእኔዋ ላይ ብቻ ተሳሳትሽ?»

«ደክሞኝ ነው...»

«ፊደል አላውቅም አልኩሽ እንጂ ዕውር ነኝ አልኩሽ?»

ወደ እኔ ቦታ ሄዳ ከክምሩ አንድ ስድስተኛ እጥፍ አነሳች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እጄን ያዘችና አመልካች ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው።

«ማሽን የሚለው የት ጋ ነው? ዓይኗ ከማሽን ይበልጣል ያልሽኝ። ጣትሽን አስቀምጪበት።»

የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረም። ወረቀቱ ላይ የምትወድቀውን እንባዬን ለማቆም እንኳ አልቻልኩም፤ እሷ ወረቀቱ እንዳይረጥብ ብላ በክንዷ ጠረገችው። ከልማድ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርብሽ።»

«አንብቢ።»

ገጽ ዘጠና አንድን ገለጥኩ። እሷም ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች። አነበብኩላት። «አንዲት ፊደል አታነብም» የሚለው ጋ ጣቷ ትንሽ ዘገየ፣ ከዚያ ተከተለኝ። «የት ትሄዳለች» የሚለው ጋ ከንፈሯን ነከሰች። «ሃያ ሁለት ዓመት» አለች ለራሷ። ቀጠልኩ። «እሷ እሺ ስትል ስምንቱም ተከተሏት» ብዬ ወረቀቱን ልዘጋ ሞከርኩ።

«አለቀ» አልኳት።

ጣቷ አልተነሳም። ወደ ታች አየች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች።

«ሦስት መስመር ቀርቶሻል።»

«እትዬ፣ በእናትሽ...»

«ሦስት መስመር ቀርቶሻል አልኩሽ።»

አነበብኩ። «ይህን ያወቅሁት ከራሷ አይደለም። የቅርብ ጓደኛዋን ጠርቼ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጋበዝኳት፤ ስለ እሷ መጨነቄን ነገርኳት። የቀረውን ጓደኛዋ ራሷ ነገረችኝ።»

ማሽኑ ለምሳ ቆሟል። ግቢ ውስጥ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ትመታኛለች ብዬም ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

«ሻዩ ስኳር ነበረው?» አለችኝ።

«እ?»

«የጋበዘሽ ሻይ።»

«ነበረው።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የፈለገችውን ያገኘች ይመስል ነበር። ከዚያ የተደገመውን አምስተኛ እጥፍ አውጥታ ስድስተኛውን በቦታው ከተተች። መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ ደቅ ደቅ አድርጋ አስተካከለችው፣ ጣቷን በጀርባው ላይ አስኬደች። ደረጃው ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነበር። መርፌዋን አውጥታ መስፋት ጀመረች። ይቅርታ አልኳት፣ ለምን እንደተናገርኩ ላስረዳት ሞከርኩ፣ ለአንቺ ብዬ ነው አልኩ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሂጂ ምሳሽን ብዪ» አለችኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። እኔ በሩ ላይ መጽሐፍ አዳይ ነበርኩ። እናትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። ጋሽ አይዞሽ ስለ ቁልፍ ሲናገር፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እትዬ ወስፌ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ዝም ብላ ተመለከተችው። ሲወጡ ልጅቷ ወደ እኔ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። እናቷ ማንበብ እንደማትችል ራሷ ቀድማ እንደነገረቻት ያኔ ገባኝ።

«እናቴ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ታወራለች» አለችኝ፣ ሁለት እጄን ይዛ። «ደብዳቤዎቼን ያነበቡላት እርስዎ ነዎት አሉ። እግዜር ይስጥልኝ።»

መጽሐፉ ላይ ያለችው ጓደኛ ማን እንደሆነች ግን አልነገረቻትም ነበር። እትዬ ወስፌ ጥቂት እርምጃ ርቃ ወደ መንገዱ እያየች ቆማለች።

እሑድ እትዬ ወስፌ ሥራ አልገባችም። እኛም ቀረን። ሰኞ ጋሽ አይዞሽ ጠራኝና ሻይ አዘዘ፤ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ምንም ሳልነግረው ወጣሁ። ይህን ያደረግሁት ሦስት ዓመት ዘግይቼ ስለሆነ የምኮራበት ነገር የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ፖስታውን ከሩቅ አወቅሁት። ሳላስበው እጄ ላይ ያለውን ሙጫ በሽርጤ ጠርጌ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ መጋዘን ልንገባ ነዋ። እትዬ ወስፌ ከጠረጴዛው ጫፍ መጣች፣ በስምንተኛዋና በሰባተኛዋ በኩል አለፈች፣ በእኔም በኩል አለፈች። መነጽር ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ልጄ ናት የጻፈችልኝ» አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «እኔ ማንበብ አልችልም። እስቲ አንብቢልኝ፤ አንድም መስመር እንዳትዘዪብኝ።»

መነጽር መነጽሯን አስተካከለችና እዚያው በሰው ፊት ማንበብ ጀመረች። ልጅቷ ስለ ሥራዋ ጽፋለች፣ ስለ ቤት ኪራይዋ ጽፋለች። መጨረሻ ላይ ስለ ተረቶቹ ትጠይቃለች። ያን ሁሉ ተረት ከራስሽ ካወጣሽው፣ ትላለች፣ አንድ የምታምኚው ሰው ፈልጊና አስጽፊልኝ።

እትዬ ወስፌ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እንዳደረገች ዙሪያውን ቃኘች። ሳቂታን አየች፣ አራተኛዋን አየች፣ ዓይኗ እኔ ጋ ሲደርስ አልቆመም። «መነጽር፣ ጽሕፈትሽ ይነበባል?» አለች። እኔም ተቀመጥኩና የቀጣዩን መጽሐፍ ስድስተኛ እጥፍ መደርደር ጀመርኩ።